ከውሃ በላይ የበቀለ ሥር

አስከሬኑን መጀመሪያ ያየችው ትህትና ናት፤ መጀመሪያ የጮሁት ግን አያቷ ወይዘሮ ሸዋነሽ ናቸው።

ከአሶሳ ወጣ ብሎ ያለው የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ፣ ወርቅአፈራሁ፣ ውሃ ክፍሉ ውስጥ፣ ገንዳው ሥር በጎኑ ተጋድሟል። አንደኛው ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቋል። ሲሚንቶው ላይ የተኛው ውሃ ሸሚዙን አርሶታል፤ ቀኝ መዳፉ ላይ ከሰል የመሰለ ጠባሳ አለ። ከጎኑ፣ መሬት ላይ፣ አየር የሚነፋው ትንሹ ፓምፕ እየተንጣጣ ያጓራል።

«አትንኪው! ኤሌክትሪክ ነው! አንቺ ልጅ፣ እኔን አፈር ይብላኝ፣ አትንኪው!»

ትህትና አልነካችውም። ሶኬቱ በሩ አጠገብ ደረቅ ግድግዳ ላይ ነበርና መሰኪያውን ነቅላ፣ ዘበኛውን ልትጠራ እየጮኸች ወደ ውጭ ሮጠች።

ወይዘሮ ሸዋነሽ ከሟቹ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። የልጅ ልጃቸውን ጠዋት ጠዋት እስከ ሥራዋ ድረስ የሚከተሏት ሕፃን ስለሆነች አልነበረም፤ በግብርና የተመረቀች፣ ደመወዝተኛ ልጅ ናት። ቤት ቢቀሩ ግን ሆዳቸው አይረጋም። መንገድ ላይ ባጃጅ አለ፣ ውሻ አለ፣ ጎረምሳ አለ፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሰው ዓይን አለ። አሁን የእሳቸው ዓይን ከሟቹ ላይ አልነበረም፤ ከፓምፑ ላይ ነበር።

ይህ ፓምፕ እራት ላይ ስሙ ሳይነሳ የሚያልፍ ቀን የለም። ትህትና የዘይቶን ቅርንጫፍ እየቆረጠች፣ ቁራጩን በስፖንጅ ክዳን ይዛ፣ ገንዳ ውሃ ውስጥ እያቆመች ሥር ታስወጣለች። ውሃው ዝም ብሎ ከተኛ ቁራጩ ያተላል፣ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ፓምፑ በቀጭን ቱቦ አየር እየላከ ቀን ከሌት ያንተከትከዋል። «አያቴ፣ ሥርም ይተነፍሳል እኮ» ትላለች። ሁልጊዜም ትጨምራለች፦ «ፓምፑ ግን ከውሃው በላይ መሰቀል አለበት። ከበታች ካስቀመጡት፣ መብራት የጠፋ ዕለት ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ተመልሶ ይገባበታል። መብራት ሲመጣ የነካው ሰው አለቀለት።»

ለዚሁ ብላ ቀርከሃው ምሰሶ ላይ ምስማር መትታ ነበር። አሁን ምስማሩ ባዶ ነው።

«ረስታዋለች» አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ በልባቸው። «ልጄ ትናንት ተናዳ ስትወጣ መሬት ጥላው ሄዳለች። ሰው አስገደለች።»

እጃቸው ከሐሳባቸው ቀደመ። ፓምፑን አነሱት፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠራረጉት፣ ምስማሩ ላይ ሰቀሉት።

ኢንስፔክተር ቃናኒ የመጣችው ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ ነው። የባምባሲ ልጅ ናት፤ ለመሳቅ የምትቸኩል፣ ለመፍረድ የማትቸኩል፣ ደልደል ያለች ሴት። የተቆላ ለውዝ ከኪሷ እያወጣች ትፈለፍላለች፤ ቅርፊቱን ግን አትጥልም፣ መልሳ ኪሷ ትከተዋለች። ሟቹን አየችው። ወለሉን አየች። ገንዳው ውስጥ ጎንበስ ስትል ውሃው ታች ወርዶ፣ የዘይቶኖቹ ሥሮች እንደ ሽማግሌ ጢም ነጭ ሆነው አየር ላይ ተንጠልጥለዋል።

«ትናንት መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ማታ ሄደ። ሲነጋጋ መጣ» አለ ዘበኛው ሱለይማን ከበሩ ላይ።

ኢንስፔክተሯ በሩን ዘግታ፣ ፓምፑን ከምስማሩ አውርዳ ዘቀዘቀችው። ውሃ ፈሰሰና ጫማዋን አራሰው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ረዳቷን ሳጅን ደባልቄን ጠራችው። ወይዘሮ ሸዋነሽ ጥግ ላይ መቀመጣቸውን ሁለቱም ረስተውታል፤ ወይም አንደኛው ረስቶታል።

«ደባልቄ፣ ውሃ ሽቅብ አይወጣም። ይሄ ፓምፕ ማታውን ምስማር ላይ ቢያድር ኖሮ ጠብታ አይገባበትም ነበር። አንድ ሰው መሬት አውርዶታል። ሰውየው ከሞተ በኋላ ደግሞ አንድ ሰው መልሶ ሰቅሎታል። ይህችን ነገር ከዚህ ክፍል እንዳታወጣት።»

«የሰቀለውማ ሊደብቅ ነው» አለ ሳጅኑ። «ጠዋት እዚህ የገባችው ልጅቷ ናት። ትናንት ደግሞ ሟቹ ላይ ስትጮህበት ጣቢያው ሁሉ ሰምቷል።»

እውነቱን ነው፣ ጮኻለች። መንጌ ወረዳ ለሚከፈተው አዲስ ችግኝ ጣቢያ ኃላፊ የሚመርጡ ሰዎች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ወርቅአፈራሁም ትህትናን ጠርቶ፣ አብሯት ስለሚሠራው ልጅ፣ «የኤጀታ በስብሶበታል፤ ከአንቺ ጥቂት ስጪውና እሱም አያፍር» አላት። ትህትና ገንዳዋ ላይ እጇን ዘርግታ፣ «ይህን ገንዳ የነካ እጁ ይድረቅ!» ብላ ተራገመች። አያቷ መንገዱን ሙሉ ሲቆጧት ነበር የሄዱት፤ እርግማን ወደ ቤቱ ይመለሳል እያሉ።

ትህትናን ወሰዷት።

«ኧረ በወለደችሽ! ይቺ ልጅ ዶሮ ሲታረድ ፊቷን የምታዞር ናት!»

«እማማ፣ አሁን ቤትዎ ይግቡ።»

«የት ቤት? ቤቴን እኮ መኪና ላይ ጫንሽብኝ!»

አልሄዱም። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ቀርከሃ መቀመጫ ስበው ተቀመጡ። ልጅቷን ከስህተት ያወጧት መስሏቸው፣ ስህተቱን ወንጀል አደረጉት። «እኔ ነኝ የሰቀልኩት» ቢሉ ይታሰራሉ፤ እሱስ ይሁን። ግን ፓምፑ መሬት ላይ እንደነበር ከተናገሩ፣ ማን አስቀመጠው ሲባል ያው ልጃቸው ናት። በየት በኩል ቢዞሩ ገደል ሆነባቸው።

ኢንስፔክተር ቃናኒ ሰዎቹን የጠየቀችው እዚያው ማንጎ ሥር ነው። ሱለይማን መጀመሪያ መጣ።

«ማታ እዚህ ማን ማን ነበር?»

«ትህትና ቶሎ ሄደ። ይሄ አሮጊት መጣ፣ ወሰደ።»

«አሮጊትስ አንተን ያርግህ!» አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ እማማ። ከዚያ ኃላፊው ሄደ። ከዚያ ሚስቱ መጣ። ‹ባሌ ከዚያች ልጅ ጋር ነው?› አለ። እኔ፣ ወላሂ ማንም የለም፣ ወደ ቤት ሄደ አልኩ። አላመነም። ግቢ ገባ፣ ዞረ፣ ወጣ።»

«ውሃ ክፍሉ ውስጥ ገብታለች?»

«አላየሁም። ሰላት ላይ ነበርኩ።»

«ኤጀታስ?»

«ኤጀታ አሸዋ ቤት ነው፤ አሸዋ ላይ ችግኝ ያለበት ቤት። ማታ ችግኝ ያጠጣል፣ መጨረሻ ይወጣል። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት ደንብ የጎደለው ነገር አላየህም?»

ሱለይማን አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ቦቲ። የትህትና የጎማ ቦቲ በር ላይ ነው ሁልጊዜ። እሱ ሳያደርግ ውሃ ክፍል አይገባም። ዛሬ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ልግባ ብዬ ቦቲ ፈለግኩ፤ የለም። አሸዋ ቤት፣ ከጆንያ ሥር አገኘሁ። ቦቲ ብቻውን አይሄድም።»

ኢንስፔክተሯ አፏ ልታደርስ የነበረውን ለውዝ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

የሟቹ ሚስት ፌቨን ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ ደርቆ መጣች። ሳትጠየቅ ጀመረች።

«አዎ፣ መጥቻለሁ። ቀንቻለሁም። ቅናት ወንጀል ከሆነ እሰሪኝ።»

«ቅናት የሚያሳስር ቢሆን አሶሳ ሙሉ እስር ቤት በሆነች ነበር። ባልሽ ለምን በዚያ ማለዳ ወጣ?»

«ስንጣላ አደርን። ‹ልብህ ከዚያች ልጅ ጋር ነው› አልኩት። ‹እኔ የምሄደው ሥሩን ለማየት ነው› አለኝ። ሥር! እስቲ ሚስት የቱን ሥር ታምናለች? ሲነጋጋ በሩን ወርውሮብኝ ወጣ።»

«ሌላ ቀንስ ክፍሉን ማን ይከፍት ነበር?»

«ልጅቷ ናታ! ‹ትህትና ፀሐይን ቀድማ ትገባለች› እያለ እራቴን ያስተፋኝ ነበር።» ወደ ወይዘሮ ሸዋነሽ ዞር አለች። «ልጅዎን ያሳደጉት ለሰው ባል ነው?»

«አንቺ! ሐዘንተኛ ባትሆኚ ኖሮ...» ወይዘሮ ሸዋነሽ ሳይጨርሱት ተዉት። ይህችው ናት ገዳይ፣ ዓይኗ ያስታውቃል፣ ሲሉ ግን በልባቸው ፈረዱ።

መጨረሻ የመጣው ኤጀታ ነው። ፖሊሶቹ ውሃ ክፍሉ አጠገብ እንኳ አላስደረሱትም። ወደ ኢንስፔክተሯ ከመሄዱ በፊት ወደ አሮጊቷ ሄዶ፣ ጉልበታቸውን ስሞ፣ ፌስታል ሙሉ ማንጎ እግራቸው ሥር አኖረ። ወይዘሮ ሸዋነሽ ይህን ልጅ ይወዱታል። ለጨዋነቱ፣ ለረጋ አነጋገሩ፣ ለትህትና ቢያጩት ስንት ጊዜ ተመኝተዋል።

«በትህትና ትቀናለህ ይባላል» አለችው ኢንስፔክተሯ በፈገግታ።

«ምቀኛ አያሳጣት!» ሳቀ። «እኔ እንኳ እኮራባታለሁ። የእኔም ቢሆን መጥፎ አይደለም፣ ዘገየ እንጂ አሁን ሥር አውጥቷል። አሸዋ ቤት ነው፣ ሳፋ ውስጥ።»

«የአንተ ለምን ዘገየ?»

«ዕድል ነዋ፣ ኢንስፔክተር።»

ጥያቄው ሲያልቅ መጥቶ ከወይዘሮ ሸዋነሽ ጎን ቁጢጥ አለ። እጃቸውን ያዘ።

«አይዞዎት፣ እማማዬ። ሆን ብላ እንዳላደረገችው እኔ እመሰክራለሁ። ተናዳ ነበር፤ ፓምፑን መሬት ላይ ትታው ሄደች፣ መብራት ጠፋ፣ ውሃው ተመለሰ። በቃ፣ ስህተት ነው። ለስህተት ቅጣቱ ይቀላል።»

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አሉ።

ልጁ ተነስቶ ሄደ።

መሬት ላይ?

ሱለይማን ሲገባ ፓምፑ ምስማር ላይ ነበር። ፖሊሶቹም ሲመጡ ምስማር ላይ ነበር። መርማሪዋ ለሳጅኑ ያንሾካሾከችው በር ዘግታ ነው። መሬት ላይ መሆኑን ያዩት እሳቸው፣ ትህትና እና ሟቹ ብቻ ናቸው። ሌላ የሚያውቅ ሰው ካለ... ያስቀመጠው ነው።

ወይዘሮ ሸዋነሽ ተነሱ። የኤጀታን ነገር ለመናገር በመጀመሪያ ፓምፑን የሰቀሉት እሳቸው መሆናቸውን ማመን አለባቸው። በሕይወታቸው ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።

«ልጄ፣ ቃናኒ፣ ፓምፑን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። እኔን እሰሪና ልጄን ፍቺልኝ።»

ኢንስፔክተሯ አልደነገጠችም። «የነጠላዎ ጫፍ ላይ የገንዳ አተላ አለ፣ እማማ። ጠዋት ነው ያየሁት። እስኪነግሩኝ እየጠበቅኩ ነበር።»

«አውቀሽ ነው ልጄን የወሰድሽው?»

«ስወስዳት ጠርጥሬያት ነበር። ስለ ቦቲው ከሰማሁ ወዲህ ግን እኔ ዘንድ መቀመጧ ይሻላታል ብዬ ነው። አሁን የልብዎን ይንገሩኝ። ይህን ብቻ ለማለት ቢሆን ጠዋት ይሉኝ ነበር።»

ነገሯት። ቃናኒ ሰምታ ስትጨርስ አሸዋ ቤቱ ገባች፤ ስትወጣ ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም አሸዋ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ፌቨን፣ ሱለይማን፣ ኤጀታ፣ በሳጅን ደባልቄ ታጅባ የመጣችው ትህትና። ወይዘሮ ሸዋነሽ ልጃቸውን አቅፈው፣ ፀጉሯን፣ ትከሻዋን፣ ጣቶቿን ይዳስሳሉ። መሐል ላይ የኤጀታ ሳፋ ተቀምጧል። በክዳኑ ቀዳዳዎች የዘይቶን ቁራጮች ቆመውበታል፤ ትንሽ ፓምፕም ያንተከትከዋል።

«ነገሩ በፓምፕ ይጀምራል» አለች ቃናኒ። «ማታ አንድ ሰው ከምስማሩ አውርዶ መሬት አኖረው። መብራት ጠፋ። ውሃው ፓምፑ ውስጥ ገባ፣ ወለሉን አራሰ። መብራት ሲመለስ ወርቅአፈራሁ ገባና ሊያነሳው ጎንበስ አለ። ወይዘሮ ሸዋነሽ ልጄ ረስታ ነው ብለው መልሰው ሰቀሉት፤ ቃላቸውን ሰጥተዋል፣ እሱ ለብቻው ይታያል። ጥያቄው ማን አወረደው ነው። ፌቨን፣ ያ ፓምፕ ለምንድን ነው የሚሰቀለው?»

ፌቨን ግራ ተጋባች። «እንዳይሰረቅ?»

«ሱለይማን?»

«እኔ ለዓሣ ነው የሚመስለኝ። ግን ዓሣ የለም።»

ሳጅን ደባልቄ ሳቁን በሳል አሳለፈ።

«እንግዲህ ያወረደው ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነው። አንድ ሰው ችግኝ ለማበላሸት ብቻ ቢፈልግ ፓምፑን ማውረድ ይበቃዋል። ቦቲ ለምን ይደብቃል? ቦቲው የተደበቀው በማለዳ የሚገባው ሰው እርጥቡ ወለል ላይ በነጠላ ጫማ እንዲቆም ነው። በማለዳ የሚገባው ማን ነው?»

ወይዘሮ ሸዋነሽ የልጃቸውን ክንድ እስኪያማት ጨበጡት።

«ወጥመዱ ለወርቅአፈራሁ አልነበረም» አለች ቃናኒ ቀስ ብላ። «ለትህትና ነበር።»

ፌቨን እጇን አፏ ላይ ጫነች። በዚያ ሌሊት ባትጣላው፣ በሩን ወርውሮ ባይወጣ... ሌላ ሰው ሳይነግራት ገባት።

«አሁን ወደዚህ ኑ።» ቃናኒ የሳፋውን ክዳን ከነቁራጮቹ ትንሽ ከፍ አደረገች። «እስቲ ሥሮቹን እዩ። ከታች፣ ውሃው ውስጥ፣ ነጫጭ ናቸው። እነዚህ ላይኞቹስ? ከክዳኑም ከውሃውም በላይ ናቸው፤ ደርቀው ጠቁረዋል። ይህ ሳፋ አፉ ድረስ ቢሞላ እንኳ ውሃው እዚህ አይደርስም። ውሃ ያልነካው ቦታ ላይ ሥር ይበቅላል?»

ትህትና ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ቀና አለች። «የእኔ ናቸው! በእኔ ገንዳ ጥልቀት ነው ያደጉት! ያጎደለ እኮ አለ፣ ትናንት ጠዋት ሁሉም ነበሩ!»

«ከወጣሽ በኋላ ነው የተነቀሉት። ሌባው ግን አንድ ጭንቀት ነበረበት፤ አንቺ በሕይወት ካለሽ ልጆችሽን ለይተሽ ታውቂያቸዋለሽ። ኤጀታ፣ ፓምፑ መሬት ላይ እንደነበር ማን ነገረህ?»

«ሰው... ሁሉም ሲያወራ ሰምቼ...»

«ማንም አላወራም። ያየው ሁሉ ያየው ምስማር ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ለእኚህ እናት ‹መሬት ላይ ትታው ሄደች› ስትላቸው፣ የሰቀሉት እሳቸው መሆናቸውን አላወቅክም።»

ኤጀታ ወደ ወይዘሮ ሸዋነሽ አየ። የረጋው ፊቱ እንደ ሰነፍ ግንበኛ ግድግዳ ተሰነጠቀ።

«እኔ ነኝ ቀድሜ እዚህ የገባሁት!» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። «እሷ ስትመጣ መቀስ መያዝ አታውቅም፤ ያሳየኋት እኔ ነኝ! ያው ዛፍ፣ ያው ውሃ፣ ያው አየር። የሷ ነጭ ያወጣል፣ የኔ ያተላል። ‹ትህትናን እዩ፣ ትህትናን እዩ›! ለምን? ለምን የኔ ብቻ?»

«በየቀኑ እየነቀልክ ከእኔ ጋር ትለካቸው ነበራ!» አለች ትህትና እያለቀሰች። «ስንቴ ነገርኩህ፣ ተዋቸው፣ ሥር ሲነካካ አይወጣም ብዬ። አንተ ግን ያንተን አታይም፤ የእኔን ነበር የምታየው!»

ሳፋው ብቻ ይንተከተካል።

ወይዘሮ ሸዋነሽ ወደ በሩ ሄደው ያንን ፌስታል አመጡ። አንድም ማንጎ አልነካኩበትም። ኤጀታ እግር ሥር አኖሩት።

«ውሰደው። እኔ በመንገድ ላይ ውሻ ስፈራ፣ ባጃጅ ስፈራ፣ ይህቺን በቅናት የተቃጠለች ሴት ስፈራ ኖርኩ። አንተን ግን መርቄሃለሁ። ምርቃቴንም መልስልኝ።»

ሳጅን ደባልቄ የኤጀታን እጅ ይዞ አወጣው።

ፌቨን አልሄደችም። ውሃ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ትህትናን ጠራቻት። «ምን ነበር የሚያየው? እስቲ አሳዪኝ።»

ትህትና ገንዳውን ሞልታ፣ ከተረፉት አንዱን ቁራጭ አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረችላት። ከክር የቀጠነ፣ እንደ ወተት የነጣ ሥር ነው። «አዲስ ሥር ባየ ቁጥር እንደ ልጅ ይስቅ ነበር» አለቻት።

ፌቨን መዳፏን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ቤት ሲስቅ አይቼው አላውቅም» አለች። «በዚህች እንጨት ነው እንዴ የቀናሁት?» ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። ወይዘሮ ሸዋነሽ ጠዋት የተናገረቻቸውን ሁሉ ትተው፣ አተላ በነካው ነጠላቸው ፊቷን ጠረጉላት።

ወደ ማታ አያትና ልጅ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዛሬ ግን አሮጊቷ ከኋላ አልተከተሉም፤ ጎን ለጎን ናቸው። ነጠላቸው ሥር አንድ ነገር አብጧል።

«አያቴ፣ ምን ይዘሻል?»

«ምንም።»

«አሳዪኝ እስቲ። ቦቲዬን ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ቦቲሽን ነው። እዚያ በር ላይ አያድርም ከእንግዲህ። ጠዋት ከእኔ እጅ ተቀብለሽ፣ አድርገሽ፣ እኔ እያየሁሽ ትገቢያለሽ።»

«ሰው ምን ይለኛል? መንጌ ብመደብስ?»

«መንጌም ቦቲ ይደረጋል» አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ፤ ነጠላቸውንም አጥብቀው ያዙት።